ሳይፈቀድልኝ የባልደረቦቼን ፓስወርድ ሰበርኩ፤ አሁን ምን ላድርግ?

የደረሰን ደብዳቤ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት ሴት ነኝ። የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዬ ፕሪንተር ማስተካከል፣ አዲስ ለተቀጠረ ሰው አካውንት መክፈት፣ ፓስወርዱን ለረሳ ሰው መቀየር ነው። ወደ ሳይበር ደህንነት ሙያ መግባት ስለምፈልግ ማታ ማታ በራሴ እማራለሁ። ባለፈው ወር ተረኛ ሆኜ ብቻዬን ባመሸሁበት ቀን የሠራተኞቹን የፓስወርድ ሀሽ (ፓስወርዱ እንዳይነበብ ተቀይሮ የሚቀመጥበትን መልክ) ከሰርቨሩ ወደ ላፕቶፔ ገልብጬ ጆን ዘ ሪፐር በሚባለው የፓስወርድ መስበሪያ መሣሪያ ሞከርኩት። ገና ሌሊቱ ሳይጋመስ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተሰበረ። የፋይናንስ ኃላፊያችን ፓስወርድ የልጃቸው ስም ነው። እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ብዬ በእሳቸው ስም ኢሜይላቸውን ከፈትኩ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆየሁም፤ ምንም አልነካሁም፣ ምንም አልወሰድኩም።

ለአለቃዬ ልናገር አስቤ ፈራሁ። አንድ ጓደኛዬ ‹በሩን ክፍት አግኝቶ ለባለቤቱ የተናገረ ሰው ይመሰገናል እንጂ አይከሰስም፤ ደግሞስ ሰርቨሩን የምታስተዳድሪው አንቺ አይደለሽ?› ይለኛል። ሌላዋ ‹ሁሉንም አጥፊና እርሺው› ትላለች። ጥፋት ሠርቻለሁ? ብናገር ምን ይደርስብኛል? ዝም ብል ደግሞ ነገ ሌላ ሰው ገብቶ ጉዳት ቢያደርስስ?»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ከጥያቄዎችሽ አንዱ አጭር መልስ ስላለው በእሱ ልጀምር። አዎ፣ ጥፋት ሠርተሻል። ላስደነግጥሽ ብዬ አይደለም እንዲህ የምልሽ። ለእኔ የጻፍሽው ራስሽ ስለጠረጠርሽ ነው፤ ጥርጣሬሽም ልክ ነው። ጓደኞችሽ እንዳደረጉት እኔም ነገሩን ባቀልልሽ ለዛሬ እንቅልፍ ይወስድሽ ይሆናል፤ ቀጥሎ የምታደርጊውን ግን ታበላሺዋለሽ።

በደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ላይ አድርገሽ የጻፍሻቸው ሁለት ድርጊቶች አሉ። አንደኛው ሀሹን ገልብጦ መስበር ነው፤ ሁለተኛው የኃላፊዋን ኢሜይል መክፈት። ክብደታቸው እኩል አይደለም። ከባዱ ሁለተኛው ስለሆነ ከእሱ ልነሳ።

«ለማረጋገጥ ብዬ» ብለሻል። ምኑ ነበር የሚረጋገጠው? የመሣሪያውን አሠራር አንቺም ታውቂዋለሽ። ከቃላት ዝርዝር ውስጥ አንድ ግምት ያነሳል፤ ግምቱን ሲስተሙ በሚጠቀምበት ስሌት ወደ ሀሽ ይቀይረዋል፤ ከዚያ ከገለበጥሽው ሀሽ ጋር ያስተያየዋል። ሁለቱ ከገጠሙ ፓስወርዱ ያው ነው፣ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም። የልጃቸው ስም ስክሪንሽ ላይ በወጣበት ቅጽበት ማረጋገጡ አልቋል። ኢሜይሉን መክፈትሽ በዚህ ላይ ምንም የጨመረው ነገር የለም። ስለዚህ ያ ሁለት ደቂቃ የደህንነት ፍተሻ አካል ነበር ብትዪኝ አልቀበልሽም። ጉጉት ነበር፤ ምናልባትም «ቻልኩት!» የሚያሰኘው ደስታ። ስሜቱ ይገባኛል፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ብዙዎችን ወደ ሙያው የሚስበውም እሱ ነው። ግን ለአለቃሽም ሆነ ለራስሽ ስትናገሪ ሌላ ስም አትስጪው።

«ምንም አልነካሁም» ማለትሽን አምንሻለሁ። አይተሻል ግን። የኢሜይል ሳጥን ሲከፈት የመልእክቶቹ ርዕስ ብቻ እንኳ ብዙ ይናገራል። ማን ደመወዙን እንዳከራከረ፣ ማን ብድር እንደጠየቀ፣ ከሐኪም ቤት የመጣ ቀጠሮ እንዳለ ሳይከፈት ይነበባል። እነዚያ ጉዳዮች የኃላፊዋ ብቻ አይደሉም። ለእሳቸው አምነው የጻፉላቸው ሰዎችም አሉ፤ አንዳቸውም አንቺ እንድታነቢው ፈቃድ አልሰጡሽም።

ወደ ሀሹ ልመለስ። ከግማሽ በላይ መሰበሩን ስትጽፊ የመሥሪያ ቤቱን ድክመት እንዳገኘሽ አድርገሽ ነው የጻፍሽው። ድክመቱ አለ፣ አልክድም። ሆኖም የዚያን ዕለት ማታ የመሥሪያ ቤቱ አደጋ እንዳልቀነሰ፣ እንደጨመረ አስተውለሻል? እስከዚያ ቀን ድረስ ሀሹ ያለው የጥበቃ ሥርዓት ባለው ሰርቨር ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የተሰበረ የፓስወርድ ዝርዝር፣ ከነባለቤቶቹ ስም፣ በአንቺ የግል ላፕቶፕ ላይ ተቀምጧል። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ወይም በማታ ልምምድሽ ከኢንተርኔት ባወረድሽው ነገር ቫይረስ ቢገባበት፣ አጥቂው ብዙ ሥራ ተሠርቶ ይጠብቀዋል።

ሰዎች አንድን ፓስወርድ በብዙ ቦታ እንደሚጠቀሙም አስቢ። ያ የልጅ ስም የኃላፊዋን የግል ኢሜይል፣ የባንክ አካውንት፣ የቤተሰብ ፎቶ የተቀመጠበትን ሁሉ ሊከፍት ይችላል። እዚህ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ እንኳ ቢኖርሽ አይበቃም ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ በራሱ ሲስተም ላይ ብቻ ነው መፍቀድ የሚችለው። ለዚህ ነው በፈቃድ የሚሠራ የፓስወርድ ፍተሻ ገና ሳይጀመር የተሰበረው ቃል ማን ዘንድ እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ የሚወሰነው። ብዙ ጊዜ ሪፖርቱ ላይ ቃሉ ጨርሶ አይጻፍም፤ ስንቱ በምን ያህል ጊዜ እንደተሰበረና ምን ዓይነት ልማድ እንደታየ ብቻ ነው የሚጻፈው።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ክርክር። ስለ በሩ የተናገረው ካንቺ ድርጊት ጋር አይገጥምም። ክፍት ያገኘሽው ነገር የለም። ሀሽ ማለት ፓስወርዱ በቀላሉ እንዳይነበብ ሆን ተብሎ የተቀየረበት መልክ ነው፤ አንቺ ደግሞ እሱን ለመስበር ሰዓታት ወስደሻል። «ሰርቨሩን የምታስተዳድሪው አንቺ ነሽ» ያለው ግን የዋዛ አይደለም። ብዙ የአይቲ ሠራተኞች በቅንነት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ በደንብ ልየው።

ራንዳል ሽዋርትዝ የሚባል፣ በፐርል ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ዓለም የታወቀ አሜሪካዊ አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የኮምፒውተር ቺፕ አምራች በሆነው ኢንቴል ውስጥ በኮንትራት የሲስተም አስተዳዳሪ ሆኖ ሲሠራ ክራክ በሚባል መሣሪያ የሠራተኞችን ፓስወርድ ሰበረ። የፓስወርዶቹን ደካማነት ለማሳየት እንደሆነ ተናግሯል፤ ለሌላ ሰው ሸጠ ያለውም የለም። ፈቃድ ግን አልነበረውም። በ1995 በኦሪገን ግዛት ፍርድ ቤት በከባድ ወንጀል ጥፋተኛ ተባለ፤ መዝገቡ የተሰረዘለት በ2007 ነው። ባለሙያዎች ፍርዱ በዝቶበታል አልበዛበትም እያሉ ለዓመታት ተከራክረዋል። እኔም በዝቶበታል ከሚሉት ወገን ነኝ። ሆኖም ካንቺ ጋር ያለው መመሳሰል ዓይን የሚጋፋ ስለሆነ ልነግርሽ ግድ ሆነብኝ። ሙያው ያው፣ መሣሪያው ተመሳሳይ፣ ምክንያቱም አንድ ዓይነት።

ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚያመለክት ፍርድም አለ። በ2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቫን ቡረን በተባለ የፖሊስ ባልደረባ ጉዳይ ላይ ወሰነ። ሰውዬው በሥራው ምክንያት እንዲያየው የተፈቀደለትን የመኪና ታርጋ መረጃ ገንዘብ ተቀብሎ ለሌላ ዓላማ ፈልጎበታል። ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ፣ አንድ ሰው እንዲያየው የተፈቀደለትን መረጃ ላልተገባ ዓላማ ማየቱ ብቻ የአገሪቱን የኮምፒውተር ማጭበርበር ሕግ መጣስ አይሆንም አለ። ጓደኛሽ ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር። ግን ይህ የአንድ አገር አንድ ሕግ ትርጓሜ ነው፤ አንቺ የምትኖሪበት አገር ሕግ ሌላ ሊል ይችላል። ከዚያም በላይ፣ ሰውዬው ከዚህ አንቀጽ ነፃ ወጣ ማለት ያደረገው ነገር የሚያስመሰግን ነው ማለት አይደለም። አንቺ ሰርቨሩ ላይ ሥልጣን የተሰጠሽ አካውንት እንድትከፍቺና ፓስወርድ እንድትቀይሪ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ሥልጣኑ እጅሽ ላይ መቅረቱ ያለፈቃድ ለሌላ ነገር እንድታውዪው መብት አይሰጥሽም። ባልደረቦችሽ ፓስወርድ ሲጠፋቸው ወደ አንቺ የሚመጡት ይህን አምነው ነው።

«ጉዳት አላደረስኩም» የሚለውን መከራከሪያ በብዙ ደብዳቤዎች ላይ አየዋለሁ፤ አንቺም በሌላ አነጋገር አንስተሽዋል። ሮበርት ሞሪስ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በኅዳር 1988 በጊዜው ኢንተርኔት ላይ የለቀቀው ፕሮግራም ፋይል የሚያጠፋ አልነበረም። ግን አንዱን ማሽን ደጋግሞ እየያዘ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን አጨናነቀ። በ1991 ይግባኙን ያየው ፍርድ ቤት፣ ሕጉ የሚጠይቀው ያለፈቃድ ለመግባት ማሰብን እንጂ ጉዳት ለማድረስ ማሰብን አይደለም ብሎ ፍርዱን አጸና።

ሳያስቡት ጉዳት ማድረስ በትንሽ ነገርም ይታያል። ኤንማፕ የሚባለው የኔትወርክ መመርመሪያ (ስካን ማድረጊያ) መሣሪያ በአንድ ኮምፒውተር ላይ የትኞቹ አገልግሎቶች እንደሚሠሩ ሲመረምር ፖርት 9100ን (ፖርት ማለት አንድ አገልግሎት መልእክት የሚቀበልበት ቁጥር ያለው መግቢያ ነው) ሆን ብሎ ይዘለዋል። ምክንያቱም አንዳንድ ፕሪንተሮች በዚያ ፖርት የደረሳቸውን ነገር ሁሉ ስለሚያትሙት፣ ስካኑ የላከው ጥያቄ ገጽ በገጽ የማይነበብ ጽሑፍ ሆኖ ይወጣል። ጉዳት የማያስከትል የሚመስል ስካን ነው እኮ! ፓስወርድ እየገመተ በቀጥታ የሚሞክር መሣሪያማ የሰዎችን አካውንት ይቆልፋል። እስኪ ሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ ከሲስተሙ ውጪ ሆና ስትቀር አስቢው። የደህንነት መሣሪያ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ያህል የሚጠነቀቁት፣ ሩቅ ሆኖ ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው በሌላው በኩል ያለውን ማሽን እንደማያውቀው ስለሚረዱ ነው። የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። የትኛው ሰርቨር ያረጀ እንደሆነ፣ ባክአፕ መቼ እንደተወሰደ፣ የትኛው ሰዓት እንደማይነካ የሚያውቅ እሱ ስለሆነ ፈቃዱም የእሱ ነው።

ከሎጉ፣ ማለትም ሲስተሙ ማን መቼ ምን እንዳደረገ ከሚይዘው መዝገብ፣ በኩልም ተመልከቺው። ያንቺን ሎግ የሚያነብ ሰው ልብሽን ማየት አይችልም። የሚያየው በሌሊት የተገለበጠ የሀሽ ፋይልና ባልተለመደ ሰዓት ከማይጠበቅ ላፕቶፕ የተከፈተ የፋይናንስ ኃላፊ ኢሜይል ነው። ሌባም እንዲህ ዓይነት ዱካ ነው የሚተወው። ባለሙያዎቹ ያ ዱካ የማን እንደሆነ ለመለየት ቀናት ይፈጅባቸዋል፤ በዚያ ላይ የማያውቁትን ነገር እየፈሩ።

ፈቃድ ሲባል ደግሞ ከማን እንደሆነም ልብ በይ። በመስከረም 2019 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ሁለት የደህንነት ፈታሾች ሌሊት ፍርድ ቤት ሕንፃ ውስጥ ተይዘው ታሰሩ። ወረቀት ነበራቸው፤ የቀጠራቸው የግዛቱ የፍርድ ቤቶች አስተዳደር ነው። ሕንፃው ግን የካውንቲው (በግዛቱ ሥር ያለው የአካባቢ አስተዳደር) ስለሆነ የካውንቲው ሸሪፍ፣ ማለትም የፖሊስ ኃላፊው፣ «ይህን የመፍቀድ ሥልጣን የላቸውም» አለ። ክሱ የተነሳላቸው በጥር 2020 ነው። ሙያቸው ይህ የሆነ፣ ውል ተፈራርመው የገቡ ሰዎች እንዲህ ከሆኑ፣ ጓደኛሽ «ግድ የለም፣ ሞክሪው» ቢልሽ ምን ያህል እንደሚያዋጣሽ አንቺው ፍረጂ።

እንግዲህ አሁን ምን ታደርጊያለሽ?

ዛሬውኑ አቁሚ። «ማስረጃ ላጠናክር» ብለሽ አንድም ተጨማሪ ነገር አትክፈቺ። ሁለተኛዋ ጓደኛሽ እንዳለችሽ ሎግ ለማጥፋት እንዳትሞክሪ። እስከዛሬ ያደረግሽው ያለፈቃድ መፈተሽ ነው፤ ሎግ ከነካሽ ማስረጃ ማጥፋት ይሆናል፤ ያኔ የቀናነትሽን ነገር የሚሰማሽ አይኖርም። ላፕቶፕሽን ከኢንተርኔት አላቅቂው። የተሰበረውን ዝርዝር ለማንም አታሳዪ፣ ለጓደኞችሽም ቢሆን። በራስሽ ውሳኔም አታጥፊው፤ መቼና በማን ፊት እንደሚጠፋ ጠበቃና መሥሪያ ቤቱ ይወስናሉ።

ከአለቃሽ በፊት ጠበቃ አማክሪ። ይህን የምለው የኢሜይሉ ነገር ስላለ ነው። ሀሹ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀጥታ ወደ አለቃሽ ሂጂ እልሽ ነበር። በሌላ ሰው ስም መግባት ግን በብዙ አገር ሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ የጽሑፍ ቃል ከመስጠትሽ በፊት የት እንደቆምሽ ማወቅ አለብሽ። ጠበቃ መያዝ መሸሽ አይደለም። ቀጠሮውን ግን ወር አታቆዪው፤ በዚህ ሳምንት ይሁን። ሌላ ሰው ሎጉን አይቶ ከቀደመሽ የምትናገሪው ሁሉ ሰበብ ይመስላል።

ከዚያ ንገሪያቸው። አዎ፣ ተናገሪ ነው የምልሽ፤ ምክንያቱም ስለ ሌላ አጥቂ ያነሳሽው ስጋት እውነተኛ ነው። ፓስወርዶቹ ባንቺ ላፕቶፕ በአንድ ሌሊት ከተሰበሩ በሌላ ሰውም ይሰበራሉ፤ ድክመቱን የምታውቂ ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ። ምናልባት «ሳልናገር ሁሉም ፓስወርዱን እንዲቀይር በአድሚን ሥልጣኔ ላስገድድ» ብለሽ አስበሽ ይሆናል። እንዳታደርጊው። ያለፈቃድ የተጀመረውን ነገር ያለፈቃድ መሸፈን ይሆናል፤ የፓስወርዳቸው ቃል ሌላ ሰው እጅ እንደገባ የማያውቁ ሰዎችም በግል አካውንታቸው ላይ ያለውን ያንኑ ቃል አይቀይሩትም።

ስትጽፊ አጭር አድርጊው። ጠበቃሽ ይመልከተውና እንዲህ ያለ ቢሆን በቂ ነው፦ «በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት፣ ከማንም ፈቃድ ሳላገኝ የሠራተኞችን የፓስወርድ ሀሽ ወደ ግል ላፕቶፔ ገልብጬ ለመስበር ሞክሬያለሁ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተሰብሯል። የአንድ ሠራተኛ ኢሜይልም ከፍቼ አይቻለሁ። ለማንም አላካፈልኩም። ላፕቶፑን ለምርመራ ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ። የተሰበረባቸው ሠራተኞች ፓስወርዳቸውን እዚህም በሌላ ቦታም እንዲቀይሩ ቢነገራቸው ይመረጣል።» ስለ ራስሽ ዓላማ አንድ ዓረፍተ ነገር ልትጨምሪ ትችያለሽ፤ ከዚያ በላይ አትሂጂ። የኢሜይሉን ነገር ዘለሽ ሀሹን ብቻ መናገር የሚያዋጣ ይመስላል፤ በኋላ ከሎጉ ላይ ሲገኝ ግን የተናገርሽው እውነት ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

ምን ይደርስብኛል ላልሽው፣ ላባብልሽ አልፈልግም። ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል፤ ሥራሽን ልታጪ ትችያለሽ፤ ጉዳዩ ወደ ሕግ የሚሄድበት ዕድልም አለ። ራሱ መጥቶ የተናገረና ተይዞ የተናገረ ሰው በአብዛኛው እኩል አይታዩም። ከዚህ የበለጠ ተስፋ ብሰጥሽ ዋሸሁሽ ማለት ነው።

የሙያ ፍላጎትሽን ግን በዚህ ምክንያት እንድትተዪው አልፈልግም። እንዲህ ዓይነት ችሎታና እንዲህ ዓይነት ጭንቀት አንድ ላይ ያለው ሰው ለዚህ ሥራ ያስፈልጋል። እጅሽን የምታፍታቺበት የተፈቀደ ቦታ ሞልቷል። ሜታስፕሎይተብልን ወይም የኦዋስፕን ጁስ ሾፕ በራስሽ ኮምፒውተር ላይ ጭነሽ እስኪበቃሽ ስበሪው፤ ሁለቱም ሆን ተብሎ ክፍተት እንዲኖራቸው የተሠሩ ናቸው። ትራይሃክሚና ሃክ ዘ ቦክስ የተባሉት ድረ ገጾች ለልምምድ የተዘጋጁ ማሽኖች አሏቸው። የኤንማፕ ባለቤቶች ራሳቸው «ስካንሚ» የሚል ሰርቨር ከፍተው ሰዎች በመጠኑ ስካን እንዲያደርጉት ፈቅደዋል። ድክመት ላገኘ ሰው ሽልማት የሚሰጡ ድርጅቶችም አሉ፤ የኢንተርኔት ማሰሻ ይሠራ የነበረው ኔትስኬፕ በ1995 እንዲህ ያለ ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። እዚያ ስትገቢ ምን መንካት እንደተፈቀደ፣ ምን እንደተከለከለ የሚዘረዝረውን ክፍል ከሁሉ በፊት አንብቢው፤ ከተዘረዘረው ውጪ ያለው ሁሉ ያልተፈቀደ ነው።

በሥራ ቦታም መጠየቅ ትችይ ነበር። የፓስወርድ ፍተሻ በደህንነት ሥራ ውስጥ የታወቀ ተግባር ነው። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ማሽን ላይ፣ ከኢንተርኔት በተላቀቀ ሁኔታ ልሞክር፤ ውጤቱን በቁጥር ብቻ አቀርባለሁ» የሚል ግማሽ ገጽ ጽፈሽ የሚመለከተውን ኃላፊ ብታስፈርሚ፣ ያ ሌሊት የሥራ ልምድ ማስረጃሽ ይሆን ነበር። «አይሆንም» ሊሉሽም ይችሉ ነበር። ያን ጊዜ ድክመት እንዳለ እየጠረጠርሽ እጅሽን መሰብሰብ ይኖርብሻል፤ ያበሳጫል፣ አውቃለሁ። ጥርጣሬሽን በጽሑፍ አስቀምጠሽ ውሳኔውን ለሚመለከተው ትተዪዋለሽ።

የቀረችኝ አንዲት ነገር የፋይናንስ ኃላፊዋ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ይነግራቸዋል፤ አንቺ ቀድመሽ በግል አትሂጂባቸው። ምርመራ እያለ ብቻሽን ብታናግሪያቸው እሳቸውንም ታስጨንቂያቸዋለሽ። ጊዜው ደርሶ ፊት ለፊት ከተገናኛችሁ ግን ይቅርታ ጠይቂያቸው፤ ያየሽውን ሳትደብቂ ንገሪያቸው። የፓስወርዱን ደካማነት በዚያ ሰዓት እንዳታነሺባቸው። «ልረዳዎት ብዬ ነው» አትበዪም። ቢቆጡ አድምጫቸው፤ መልስ ካልጠየቁሽ መልስ አትስጪ።